ለቤት ሠራሽ መኪና ሻንሲ ቱቦላሬ መምረጥና መቁረጥ

በቤት ጓሮ ወይም በትንሽ ጋራዥ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ የሚሠራ መኪና ሻንሲው በአብዛኛው ከቀጭን ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው የሚበየደው። በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠራበት፣ መርካቶ በስድስት ሜትር ርዝመት ተቆልሎ የሚሸጠው ቱቦላሬ ከዚህ ብረት ጋር ዘመድ ነው። ልማዱ የሠመረው ግን ብሪታንያ ውስጥ ነው። ኮሊን ቻፕማን የመሠረተው የሎተስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ማርክ ስድስት የተባለችውን፣ በ1957 ደግሞ ሰቨንን አወጣ። ሁለቱም ተፈታተው ሊገዙ የሚችሉ፣ ባለቤታቸው ቤቱ ወስዶ የሚገጣጥማቸው መኪናዎች ነበሩ። ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር የተፈታታውን ስለማይነካ ዋጋው የብዙ ወጣት ኪስ ይደርስበት ነበር። የሰቨን የማምረት መብት በ1973 ወደ ኬተርሃም ከተላለፈ በኋላም የመኪናዋ ቅርጽ አልሞተም። ሮን ቻምፒየን የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በ1996 በሄይንዝ አሳታሚነት ባወጣው መጽሐፍ፣ በ250 ፓውንድ ወጪ ብቻ ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ዕቃዎችና ከተራ ቱቦላሬ እንዲህ ያለ መኪና መሥራት እንደሚቻል ከነልኬቱ አሳየ። ሎኮስት የሚባሉት ቤት ሠራሽ መኪናዎች የመጡት ከዚያ መጽሐፍ ነው።

የእነዚህ መኪናዎች ሻንሲ እንደ ጭነት መኪና በሁለት ወፋፍራም ብረቶች ላይ የተዘረጋ መሰላል አይደለም። ትንንሽ ቱቦዎች በየጫፋቸው እየተገናኙ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው ቅርጫት ይሠራሉ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ቱቦ በተቻለ መጠን እንዲሳብ ወይም እንዲገፋ እንጂ እንዳይጎብጥ ማድረግ ነው። ቀጭን ብረት በርዝመቱ ሲጎትቱት ብዙ ይችላል፤ መሐሉን ሲጫኑት ግን ወዲያው ይለመጣል። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በመገናኛዎቹ በኩል እንዲገባ ይደረጋል። አራት ቱቦ በአራት ማዕዘን ቢበየድ ማዕዘኖቹ ላይ ካለው ብየዳ በቀር ቅርጹን የሚጠብቅለት የለም፤ አንድ ሰያፍ ቱቦ ሲገባበት ግን ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና አይነቃነቅም።

ስንት ቱቦ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ቀላል ስሌት አለ። የመገናኛዎቹ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ ስድስት ሲቀነስለት ዝቅተኛው የቱቦ ቁጥር ይገኛል። ስምንት ማዕዘን ያለው ሣጥን 18 ቱቦ ይፈልጋል ማለት ነው። የሣጥኑ ጠርዞች 12 ስለሆኑ የጎደሉት ስድስቱ ሰያፎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ። መኪና ላይ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ከላይ ክፍት ነው፤ ሞተሩም ከላይ መውጣትና መግባት አለበት፤ የመሪ ዘንግና የጭስ ማውጫ በጎን ያልፋሉ። ክዳኑ የተነሣለት የካርቶን ሣጥን በሁለት እጅ ሲጠመዘዝ እንደሚላወሰው ሁሉ፣ አንድ ገጹ ክፍት የሆነ ሻንሲም መጠምዘዝን የመቋቋም ዐቅሙን አብዛኛውን ያጣል። መርሴዲስ 300 ኤስኤል ይህን የፈታው የጎን ቱቦዎቹን ጥልቅ በማድረግ ነበር፤ የበሩ ደፍ በጣም ከፍ ስላለ በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱ ክንፎች ሆኑ። ቤት ሠራሽ መኪና ይህን ያህል አይርቅም። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል የሚያልፈውን የካርዳን ዋሻ ጠንካራ ሣጥን ማድረግ፣ ከሞተሩ በላይ በብሎን የሚፈታ ሰያፍ መግጠም፣ ወለሉን በላሜራ መዝጋት ይበቃዋል። ዳር ዳሩ በሚገባ የተያያዘ ላሜራ የሰያፍን ሥራ ይሠራል፤ ሎተስ ሰቨንም ከአሉሚኒየም ልብሷ ይህን ጥቅም ታገኝ ነበር።

ወደ ብረቱ ዓይነት ሲገባ፣ ጀማሪዎችን የሚያስቸግር አንድ አለመግባባት መጥራት አለበት። ጥንካሬና ግትርነት አንድ አይደሉም። ጥንካሬ ብረቱ ለዘለቄታው ሳይጎብጥ ወይም ሳይበጠስ የሚችለው ሸክም ነው፤ ግትርነት ደግሞ ሸክሙ እያለ ምን ያህል እንደሚለመጥ ነው። ተራው ለስላሳ ብረት ለዘለቄታው መጉበጥ የሚጀምረው በካሬ ሚሊሜትር 235 ወይም 250 ኒውተን አካባቢ ነው። ክሮሞሊ የሚባለው፣ አውሮፕላንና የውድድር መኪና የሚሠራበት 4130 ብረት ከ400 በላይ ይችላል። ግትርነታቸው ግን አንድ ነው፤ ብረት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ በዚህ በኩል የሚለያየው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። መኪናን መንገድ ላይ ጥሩ የሚያስነዳው ደግሞ በአብዛኛው የሻንሲው ግትርነት ነው። ስለዚህ በሎኮስት ልኬት ተራውን ቱቦ በተመሳሳይ ልኬት ክሮሞሊ የሚተካ ሰው ዋጋውን እጥፍ ድርብ ከፍሎ አንዲት ጥቅም ብቻ ያገኛል፦ መኪናው ቢጋጭ ብረቱ ሳይቀደድ ጥቂት መቆየቱ። ክሮሞሊ ክብደት የሚቀንሰው ግድግዳው ሲሳሳ ነው፤ የሳሳ ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ይሰረጎዳል፣ ብየዳ ላይም ይበሳል። ማሴራቲ ቲፖ 61ን በ1959 ሁለት መቶ ከሚያህል ቀጭን ክሮሞሊ ቱቦ ሲሠራ ለዚህ የሠለጠኑ በያጆች ነበሩት። በቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ለጥሩ መጋዝና ለልምምድ ብረት ቢያውለው ይሻለዋል።

ተራውን ቱቦ ራሱ ከሁለት ወገን ማየት ይቻላል። አብዛኛው በገበያ ያለው ቱቦ ረጅም ላሜራ ተጠቅልሎ ዳርና ዳሩ በኤሌክትሪክ የተበየደ ነው፤ ወደ ውስጡ ሲመለከቱ በርዝመቱ የሚሄደው ስፌት ይታያል። ሌላው ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛው የተሳበ ቱቦ ነው። ለሻንሲ ባለ ስፌቱ በቂ ነው። መኪናው ሲገለበጥ ሰው ሕይወቱን የሚጥልበት የመገልበጫ ቀስት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ለዋናው ቀስት የሚጠይቀው በቀዝቃዛው የተሳበ ስፌት አልባ ክብ ቱቦ፣ ቢያንስ 45 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ወይም 50 በ2፣ የመበጠስ ዐቅሙም በካሬ ሚሊሜትር ከ350 ኒውተን ያላነሰ ነው። መታጠፊያውም በመሐል መስመሩ ሲለካ ቢያንስ የዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ራዲየስ ሊኖረው ይገባል። መኪናው ውድድር የማይገባ ቢሆንም እንኳ ከዚህ ልኬት የሚያስወርድ ምክንያት የለም። የአጥር ቱቦ ለዚህ አይሆንም።

ባለ አራት ማዕዘን ወይስ ክብ? በንድፈ ሐሳብ ክብ ቱቦ ለክብደቱ ግፊትን በደንብ ይችላል። ቁጥሩ ሲታይ ግን ልዩነቱ ለክቡ ብቻ አያደላም። 25.4 ሚሊሜትር ስፋትና 1.6 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ክብ ቱቦ በሜትር 0.94 ኪሎ፣ ያው ስፋት ያለው ባለ አራት ማዕዘን 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ አራት ማዕዘኑ በክብደት 27 በመቶ ሲበልጥ መጉበጥን በመቋቋም ግን በ70 በመቶ ይበልጣል። ዋናው ምክንያት ግን አቆራረጡ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ በሌላው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ቅንፍም፣ ላሜራም፣ ሪቬትም ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይገጥማል። ክብ ቱቦ ከክብ ጋር ሲገናኝ ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ መፈልፈል አለበት። እኩል ዲያሜትር ያላቸው ሁለት ቱቦዎች በ90 ዲግሪ ሲገናኙ ፍልፍሉ የዲያሜትሩን ግማሽ ያህል ይጠልቃል፤ ሰያፍ ሲሆን ደግሞ አንዱ ጆሮ ከሌላው ይረዝማል። በመቶ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ቁርጥ በእጅ ለሚሠራ ሰው የሳምንታት ልፋት ነው።

ስፋትና ውፍረት ሲመረጥ ብዙዎች የሚሳሳቱት ውፍረት ላይ ነው። 25 በ25 ሆኖ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ግድግዳው ወደ 2 ሚሊሜትር ሲያድግ ክብደቱ በ30 በመቶ ይጨምራል፤ መጉበጥን የመቋቋም ግትርነቱ ግን በ25 በመቶ ብቻ። ግድግዳው 1.5 እንደሆነ ቀርቶ ስፋቱ ወደ 30 በ30 ቢያድግ ግን ክብደቱ በ21 በመቶ ሲጨምር ግትርነቱ በ78 በመቶ ያድጋል። ከመሐል የራቀ ብረት የበለጠ ይሠራል፤ ቱቦ ከድፍን ብረት የሚሻለውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ደካማ የመሰለውን ክፍል ማጠንከር ሲፈለግ መጀመሪያ ሰያፍ፣ ቀጥሎ ስፋት፣ በመጨረሻ ውፍረት ይታሰባል። ውፍረት የሚጨመርበት እውነተኛ ምክንያት ሌላ ነው፦ ዝገት፣ የቅንፎች መያዣና የበያጁ ዐቅም። በሚግ ወይም በቲግ የሚበይድ ሰው 1.5 ሚሊሜትርን በምቾት ይይዛል፤ በኤሌክትሮድ ብቻ የሚበይድ ግን 1.5 ላይ ቀዳዳ ሲያበዛ ይውላልና 2 ሚሊሜትር ቢመርጥ አያሳፍረውም። አርባ ሜትር ቱቦ በሚፈጅ ሻንሲ ላይ ልዩነቱ 13 ኪሎ ነው።

ብሪታንያና አሜሪካ ውፍረትን በጌጅ ቁጥር ይጠሩታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል። በብሪታንያው መለኪያ 16 ጌጅ 1.6 ሚሊሜትር፣ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊሜትር፣ 14 ጌጅ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሎኮስት ሥዕል የሚያነብ ሰው አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር መሆኑንም መርሳት የለበትም። ኢንች የተሳለውን ሻንሲ በ25 ሚሊሜትር ቱቦ ሲሠሩ በእያንዳንዱ ቱቦ ስፋት 0.4 ሚሊሜትር ይጎድላል፤ ከውጭ ወደ ውጭ የተሰጠው ልኬት እንዳለ እንዲጠበቅ መሐል ያሉት ቱቦዎች ሁሉ በዚያው መጠን ረዝመው መቆረጥ አለባቸው።

ቱቦው ሲገዛ በቃል የተባለው ውፍረት አይበቃም፤ በካሊፐር፣ ከስፌቱ ርቆ፣ በሁለቱም ጫፍ መለካት አለበት። ካሊፐሩ 1.5 ተብሎ በተሸጠው ላይ 1.2 ካነበበ ያ ቱቦ ለወንበር እንጂ ለሻንሲ አይደለም። ቀጥ ማለቱ የሚታየው ጫፉ ላይ ዓይን አድርጎ በርዝመቱ ሲመለከቱት ነው። መጠምዘዙ ግን በዓይን ያመልጣል። ቱቦውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ማጋደምና አንዱን ጫፍ ሲጫኑት ሌላው መነሣት አለመነሣቱን ማየት ያስፈልጋል። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ አይዝግም ተብሎ ይመረጣል፤ ለብየዳ ግን መጥፎ ነው። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ ብየዳውንም በአረፋ ቀዳዳ ይሞላዋል። ጥቁሩ ቱቦ ይሻላል። የፋብሪካ ዘይቱ በሟሟ ይጠረጋል፤ ሟሟው ግን ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ መሆን የለበትም፤ ቅሪቱ ከብየዳ እሳት ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይሠራል።

ከመቁረጥ በፊት የሚመጣው የመቁረጫ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ቱቦ መለያ ቁጥር፣ የረጅሙን ጫፍ ርዝመትና የሁለቱን ጫፎች ማዕዘን ይይዛል። ከዚያ ከስድስት ሜትሩ ላይ መጀመሪያ ረጃጅሞቹ፣ በትርፉ ላይ አጫጭሮቹ ይደለደላሉ። መጋዙ የሚበላው አብሮ መቆጠር አለበት። የትልቁ መቁረጫ ዲስክ በአንድ ቁርጥ እስከ 3 ሚሊሜትር ይበላል፤ ሃያ ቁርጥ ያለበት አንድ ቱቦ ላይ 6 ሳንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ የምታጥረው በዚህ ነው። ሰያፎቹ ግን በዝርዝሩ ላይ ቢኖሩም ቀድመው አይቆረጡም። የታችኛው ክፈፍ፣ ከዚያ የላይኛው፣ ከዚያ ቋሚዎቹ በፑንቶ፣ ማለትም በነጥብ ብየዳ፣ ከተያዙ በኋላ ሰያፉ ከራሱ ከክፈፉ ላይ ተለክቶ ይቆረጣል። ሥዕሉና ብረቱ ሲጣሉ የሚሰማው ብረቱን ነው።

መቁረጫዎቹን በተመለከተ ርካሹ በጋራዥ ሴጌቶ የሚባለው የእጅ መጋዝ ነው፤ ሰዎች እንደሚያስቡት ያን ያህልም ቀርፋፋ አይደለም። ወሳኙ የምላጩ ጥርስ ነው። ቢያንስ ሁለት ጥርስ በአንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ካላረፈ ጥርሱ ይነክስና ይሰበራል፤ ለ1.5 ሚሊሜትር ግድግዳ በኢንች 32 ጥርስ ያለው ምላጭ ያስፈልጋል። ቱቦው ሞርሳ ላይ አጠገቡ ይታሰራል፤ መስመሩ በአራቱም ገጽ በስኳድራ ይሠመራል፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ቱቦው እየተገለበጠ ይቀጥላል። ከአንድ ገጽ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ እስከ ታች የሚቆርጥ ሰው መስመሩን ከላይ እየጠበቀ ከታች ያጣዋል።

ግራይንደር በየቤቱ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚሠራው በእሱ ነው። ባለ 115 ሚሊሜትር፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ቱቦላሬን በፍጥነት ይቆርጣል፤ ቀጥታነቱ ግን የእጅ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም፤ የዚህ ልክ ዲስክ በአብዛኛው እስከ 13,300 ዙር በደቂቃ ነው። የትልቅ ማሽን ዲስክ ዙሩ ከዚህ በጣም ስለሚያንስ፣ መከላከያው ወልቆ በትንሹ ማሽን ላይ ሲታሰር ይፈነዳል፤ የሚፈነዳውም ፊት አጠገብ ነው። ተቆርጦ ሊያልቅ ሲል ቱቦው ዲስኩን እንዳይቆነጥጠው የሚወድቀው ወገን ነፃ ሆኖ መንጠልጠል አለበት። ብልጭታው ሩቅ ይሄዳል፤ የነዳጅ ጣሳ፣ የዘይት ጨርቅና ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ በዚያ አቅጣጫ አይቀመጡም።

ባለ 350 ሚሊሜትር ዲስኩ መቁረጫ ማሽን ፈጣን ነው፤ ማዕዘንም ይይዛል ይባላል። ዲስኩ ግን ሲጫኑት ወደ ጎን ስለሚለመጥ ማዕዘኑ ይስታል። ለመኪና ሻንሲ ከሁሉም የሚሻለው ቀበቶ መጋዝ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይበላል፣ ብረቱን አያሞቅም፣ ጠርዙን ንጹሕ አድርጎ ይተዋል። በየትኛውም ማሽን ላይ የተጻፈው ዲግሪ የሚታመነው በቁራጭ ብረት ተፈትኖ ነው። ሁለት ቁራጭ በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ሲጋጠሙ ስኳድራ ውስጥ ብርሃን ሳያሳልፉ ከተቀመጡ ማሽኑ እውነት ተናገረ።

ማዕዘን ሲቆረጥ የትኛው ጫፍ እንደተለካ መታወቅ አለበት። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ 25 ሚሊሜትር ቱቦ በረጅሙና በአጭሩ ጠርዝ መካከል ልክ 25 ሚሊሜትር ልዩነት አለው፤ በ30 ዲግሪ ሲቆረጥ 14.4። ዝርዝሩ የረጅሙን ጠርዝ ሲሰጥ ቆራጩ አጭሩን ከለካ ስሕተቱ ይህን ያህል ነው። የማዕዘን ስሕተትም ትንሽ አይደለም፤ በ25 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ አንድ ዲግሪ 0.44 ሚሊሜትር ክፍተት ያመጣል፤ ሁለት ዲግሪ ሲሆን ክፍተቱ የ1.5 ሚሊሜትሩን ግድግዳ ከግማሽ በላይ ያክላል። ይህ ክፍተት በብየዳ ይሞላል ተብሎ ይታለፋል። በእርግጥም ይሞላል፤ ነገር ግን የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቱቦውን ወደ ክፍተቱ ይጎትታል፤ አሥር እንዲህ ያለ መገናኛ ሻንሲውን ያጣምመዋል። በሎኮስት ሥራ ጠማማ ሻንሲ የሚወጣው ከደካማ ብረት ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ቁርጥ ነው። ለሚግ ከግማሽ ሚሊሜትር ያላለፈ ክፍተት ይታገሣል፤ ቲግ ግን መነካካት ይፈልጋል። ጥቂት አስረዝሞ ቆርጦ በሞረድ ማድረስ ካጠረ በኋላ ከመሙላት ይሻላል።

አንድ ትንሽ ነገር በቅርብ ሲታይ ብዙ ያስተምራል። የቱቦላሬ ማዕዘን ስለታም አይደለም፤ ክብ ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቱቦዎች በቲ ቅርጽ ሲገናኙ ሁለቱ ጠርዞች ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን በክቡ ማዕዘን ላይ ስለሚያርፉ ቀጭን ሸለቆ ይፈጠራል። ይህ ሸለቆ በሚገባ ካልተሞላ ብየዳው ከላይ የሞላ ይመስላል እንጂ ከሥር ባዶ ነው። ሰያፉን ከዋናው ቱቦ ጥቂት የጠበበ፣ ለምሳሌ 25 ላይ 20 ሚሊሜትር አድርጎ መምረጥ ችግሩን ከሥሩ ያስወግደዋል፤ ክብደትም ይቀንሳል።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ በውስጥም በውጭም በሞረድ ይጸዳል፤ ከጫፉ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ጥቁሩ ቅርፊት እስኪነሣ ይፈገፈጋል፤ ቁጥሩ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍበታል። ግራና ቀኝ የሆኑ ጥንዶች ጎን ለጎን ተደርገው ይመሳከራሉ። እኩል መሆናቸው ሥዕሉ ላይ ካለው ልኬት በአንድ ሚሊሜትር ካለመሳታቸው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እኩል ያጠሩ ቱቦዎች ቀጥ ያለ መኪና ይሰጣሉ። ብረቱ የሚደረደረው ሥዕሉ በሙሉ ልኩ በተሠመረበት ጠፍጣፋ ገበታ ላይ፣ በየቱቦው ግራና ቀኝ የእንጨት ቁራጭ ተቸንክሮ ነው። ሁሉም በፑንቶ ተይዞ የሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩልነት ከተረጋገጠ በኋላ ሙሉ ብየዳው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየተዘዋወረ ይሠራል።

ቱቦ የሚበሳበት ቦታም የመቁረጥ ሥራ አካል ነው። ብሎን ባዶ ቱቦ ውስጥ አልፎ ሲጠብቅ ግድግዳውን ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ይሰፋና ውስጡ ወፍራም ቡሽ ገብቶ በሁለቱም በኩል ይበየዳል። የመቀመጫ ቀበቶና የሳስፔንሽን ክንዶች የሚያዙት እንዲህ ነው፤ ቦታቸውም ከመገናኛ አጠገብ እንጂ ከቱቦው መሐል አይደለም። ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ተበይዶ የሚዘጋ ቱቦ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ የመጨረሻዋን የብየዳ ነጥብ ይገፋታል፤ በማይታይ ገጽ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሆነ መተንፈሻ ቀድሞ ይበሳለታል። ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ቀዳዳ የዝገት መከላከያ ዘይት ወይም ሰም ይገባል፤ ከዚያ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሻንሲው ተፈግፍጎ ፀረ ዝገትና ቀለም ይቀባል።